ዊልበር ራይትና የእንጨቱ ፕሮፔለር

ልጆች ሆይ፥ በኢሉባቦር አገር እንጨት እንደማይቸግር ታውቃላችሁ። በመቱ ዙሪያ፥ ከሶር ወንዝ ወዲህና ወዲያ፥ እስከ ጎሬና እስከ ያዮ ድረስ ዋንዛና ቀረሮ ይገኛል። አናጢው ከዋንዛ በርና ወንበር ይሠራል፤ ቡና የሚወቀጥበትም ሙቀጫ ከአንድ ግንድ ተቦርቡሮ ይወጣል። እንግዲህ በዚህ አገር የሚኖር አንድ ልጅ የመጫወቻ አይሮፕላን ሠርቶ፥ በአፍንጫው ላይ የሚሽከረከር ፕሮፔለር ሊቀርጽለት ቢያስብ እንጨቱን በቀላሉ ያገኛል። የሚያስቸግረው ቅርጹ ነው።

ልጁ በመጀመሪያ አንድ ስንዝር የሚያህል፥ ጅማቱ ቀጥ ያለ፥ ጕጥ የሌለበት ቀጭን እንጨት ይመርጣል። መካከሉን በጋለ ምስማር ይበሳና ሰክቶ ያሽከረክረዋል። እንጨቱ ይዞራል፤ ነገር ግን ነፋስ አይሰጥም፥ አይሮፕላኑንም አይስብም። ጠፍጣፋ ነገር በስለቱ ሲዞር አየሩን ይቈርጠዋል እንጂ አይገፋውም። ልጁ ይህን አይቶ ሁለቱን ጫፎች አጋድሞ ይጠርባቸዋል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚሳሳቱት ስሕተት አለ፤ ግራውንና ቀኙን፥ ፊት በመስተዋት እንደሚታይ፥ ተቃራኒ አድርገው ይጠርባሉ። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ አንዱ ጫፍ አየሩን ወደ ኋላ ሲገፋ ሁለተኛው ወደ ፊት ይገፋዋል፥ የቀኑም ድካም ከንቱ ይሆናል። አንዱን ጫፍ ከጠረቡ በኋላ እንጨቱን እንደ መንኰራኵር ግማሽ ዙር አዙሮ፥ ሁለተኛውን ጫፍ በዚያው በፊተኛው አጋደል መጥረብ ይገባል። ከዚያም ፕሮፔለሩን በመርፌ ላይ ሰክቶ ማየት ነው፤ አንዱ ወገን ወደ ታች ቢያዘነብል እርሱ ከብዷልና እስኪስተካከል ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል።

ይህ የልጆች ሥራ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ በእንጨት አጋደል ምክንያት ሁለት ወንድማማች ብዙ ቀንና ብዙ ሌሊት ተከራክረዋል፤ በዚሁ እንጨት ስንጥቅም አንድ ሰው ሕይወቱን አጥቷል። ከሁለቱ ወንድማማች ታላቁ ዊልበር ራይት ይባላል። ታሪኩም እንደሚከተለው ነው፤ ዘመኑ በአውሮጳ አቈጣጠር ተጽፏል።

ዊልበር በ1867 ዓመት በሚያዝያ ወር በአሜሪካ አገር፥ ኢንዲያና በሚባል ክፍል ተወለደ። ታናሽ ወንድሙ ኦርቪል ከአራት ዓመት በኋላ በ1871 ዴይተን በሚባል ከተማ ተወለደ። አባታቸው ሚልተን ራይት ጳጳስ ስለ ነበረ ለአገልግሎቱ ሩቅ አገር ይጓዝ ነበረ፤ በቤቱም ብዙ መጻሕፍት ነበሩት። እናታቸው ሱዛን ግን ከመጽሐፍ ሌላ ነገር ታውቅ ነበር። የእርሷ አባት ሠረገላ ሠሪ ስለ ነበረ፥ በልጅነቷ ከእርሱ መሥሪያ ቤት እየዋለች መሣሪያ መያዝ ተምራለች። ለልጆቿ መጫወቻ ትሠራ ነበር፤ የተሰበረ ዕቃ ሲኖርም ልጆቹ የሚወስዱት ወደ አባታቸው ሳይሆን ወደ እርሷ ነበረ።

በ1878 ዓመት አባታቸው ከመንገድ ሲመለስ አንድ መጫወቻ ይዞላቸው መጣ። መጫወቻው ከቀርከሃ፥ ከቡሽና ከወረቀት የተሠራ ነበረ፤ በላዩም ፕሮፔለር ነበረው፤ የተጠመዘዘ ላስቲክ ሲፈታ ፕሮፔለሩን ያዞረዋል፥ መጫወቻውም ወደ ጣራው ይበርር ነበር። ያን ጊዜ ዊልበር የአሥራ አንድ ዓመት፥ ኦርቪልም የሰባት ዓመት ልጅ ነበረ። ልጆቹ የሌሊት ወፍ ብለው ስም አወጡለት፤ እስኪሰበርም ድረስ ተጫወቱበት። ከዚያ በኋላ እርሱን እያዩ ሌላ ሠሩ፤ ትንሹም በረረ። ደግሞ ከእርሱ የሚበልጥ ሠሩ፤ ትልቁ ግን እንደ ትንሹ አልበረረም። ርዝመቱ እጥፍ የሆነ መጫወቻ ስምንት እጥፍ ኃይል እንደሚፈልግ በዚያ ዕድሜያቸው አያውቁም ነበርና፥ ተስፋ ቈርጠው ተዉት።

ዊልበር በትምህርቱ ብርቱ ነበረ፤ ከፍ ወዳለ ትምህርት ቤት ሊልኩትም ታስቦ ነበር። ነገር ግን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ክፉ ነገር አገኘው። በዚያ አገር በብርድ ወራት ውሃ ረግቶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ወጣቶችም በላዩ እየተንሸራተቱ የእኛን የገና ጨዋታ የሚመስል ጨዋታ በዱላ ይጫወታሉ። ሲጫወቱ ሳለ ዱላ ፊቱን መትቶት የፊት ጥርሶቹ ወለቁ። ቍስሉ ዳነ፤ ልቡ ግን ደከመ፥ ከሰው ጋር መገናኘትንም ተወ። ትምህርቱም በዚያው ቀረ። በዚያን ጊዜ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ታማ ነበር። ዊልበርም ከእርሷ ሳይለይ እያነሣና እያስቀመጠ አስታመማት፤ ስትተኛም የአባቱን መጻሕፍት ያነብብ ነበር። እናቱ በ1889 ዓመት ዐረፈች። ትምህርት ቤት ያልሰጠውን ዕውቀት ያገኘው ከዚያ ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ወንድማማች በመጀመሪያ የማተሚያ ሥራ፥ ከ1892 ጀምሮም የቢሲክሌት ሱቅ ከፈቱ። የተሰበረ ቢሲክሌት ይጠግኑ ነበር፤ ኋላም ራሳቸው እየሠሩ ሸጡ። በ1896 ዓመት ሊሊየንታል የሚባለው ጀርመናዊ፥ ሞተር በሌለው ክንፍ ከኰረብታ እየተነሣ ሲንሳፈፍ የነበረው ሰው፥ ወድቆ ሞተ። የሞቱ ወሬ የዊልበርን የልጅነት አሳብ ቀሰቀሰው። በ1899 ዓመት ስለ በረራ የተጻፉ መጻሕፍትን እንዲያመለክቱት ዋሽንግተን ወዳለው ስሚዝሶንያን ወደሚባል የዕውቀት ማኅበር ደብዳቤ ጻፈ፤ የተላከለትንም ሁሉ አነበበ። አንድ ቀን በሱቁ ቆሞ ባዶ የካርቶን ሣጥን በእጁ ይዞ ሲጠመዝዘው፥ የአይሮፕላንን ክንፍ እንዲሁ በመጠምዘዝ ሚዛኑን መጠበቅ እንደሚቻል ታየው።

ነፋስና አሸዋ የበዛበትን ኪቲ ሆክ የሚባለውን የባሕር ዳር መርጠው በ1900፥ በ1901ና በ1902 ሞተር በሌለው አይሮፕላን ተንሳፈፉ። የ1901 ሥራቸው ሳይሳካ ቀረ፤ ክንፉ በመጻሕፍት የተጻፈውን ያህል አላነሣም። ሌላ ሰው ቢሆን መጽሐፉን አምኖ በራሱ ዕድል ያዝን ነበር። እነርሱ ግን መጽሐፉን ጠረጠሩት። ስድስት ጫማ የሚረዝም የእንጨት ሣጥን ሠርተው በማራገቢያ ነፋስ ላኩበት፥ ሁለት መቶ ያህል ትንንሽ ክንፎችንም በውስጡ እያደረጉ አንድ በአንድ መዘኑ። በዚህም ሥራ የትኛው ቅርጽ ምን ያህል እንደሚያነሣ የሚያስረዳ እውነተኛ ሠንጠረዥ በእጃቸው ገባ።

አሁን ሞተርና ፕሮፔለር ቀረ። ሞተሩን በሱቃቸው ይሠራ የነበረው ቻርሊ ቴይለር በስድስት ሳምንት ሠራላቸው፤ ኃይሉም የ12 ፈረስ ጕልበት ያህል ነበረ። ስለ ፕሮፔለሩ ግን ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር ያለ አልመሰላቸውም ነበር። መርከብ ከስድሳ ዓመት በላይ በፕሮፔለር ስትሄድ ኖራለችና፥ የመርከብ ሠሪዎችን ሒሳብ ከመጽሐፍ አውጥቶ በውሃ ፈንታ አየርን ማግባት ብቻ የሚበቃ መሰላቸው። ዊልበር ይህን ሊፈልግ ወደ ዴይተን ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ያገኘው ግን ምንም አልነበረም። መርከብ ሠሪዎች አንዱን ፕሮፔለር ሞክረው ባይሆን ሌላ ይለውጡ ነበር እንጂ፥ አስቀድሞ የሚያስረዳ ሒሳብ አልነበራቸውም። ወንድማማቹ ደግሞ እንዲህ እየለዋወጡ ለመሞከር ገንዘብም ጊዜም አልነበራቸውም።

በዚህ ጊዜ የሁሉ መክፈቻ የሆነው አሳብ መጣላቸው። ፕሮፔለር የሚዞር ክንፍ ነው አሉ። የአይሮፕላን ክንፍ ወደ ፊት ሲሮጥ አየሩ ወደ ላይ እንደሚያነሣው፥ ፕሮፔለርም ሲዞር አየሩ ወደ ፊት ይስበዋል። እንዲህ ከሆነ ከነፋሱ ሣጥን ያገኙት ሠንጠረዥ ለዚህም ይጠቅማቸዋል ማለት ነው። ነገር ግን ሒሳቡ ቀላል አልነበረም። ፕሮፔለሩ ይዞራል፥ አይሮፕላኑ ይሄዳል፥ አየሩም ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ በዚህ ሁሉ መካከል ቆሞ የሚቈጠር ነገር የለም። ወንድማማቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እስኪጮኹ ድረስ ይከራከሩ ነበር። ብዙ ሰዓት ከተከራከሩ በኋላ የሚሆነው ነገር ያስቃል፤ ዊልበር የኦርቪልን አሳብ ይዞ፥ ኦርቪልም የዊልበርን አሳብ ይዞ ይገኙና እንደ ገና ክርክር ይጀምሩ ነበር። ይህ ጠብ አልነበረም። ሁለቱም የሚፈልጉት እውነቱን ነበረና፥ የሌላው አሳብ የተሻለ በመሰላቸው ጊዜ ለመቀበል አያፍሩም ነበር።

የፕሮፔለር ክንፍ ለምን ተጠምዝዞ እንደሚሠራ ልትረዱ ብትወዱ፥ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ በአንድ ረድፍ ቁሙ፤ በመካከል ያለው ልጅ በቆመበት ይዙር፥ ሌላውም ከእርሱ ጋር ይዙር። ከመካከሉ አጠገብ ያለው ቀስ ብሎ ሲራመድ፥ በጫፉ ያለው ግን በሩጫ ላብ ያልበዋል። የፕሮፔለርም ጫፍ እንዲሁ ከመካከሉ ይልቅ እጅግ ይፈጥናል። ስለዚህ ወደ መካከሉ ያለው ክፍል ብዙ ተጋድሞ፥ ወደ ጫፉ ያለው ግን ጠፍጠፍ ብሎ ይጠረባል። ከሥሩ እስከ ጫፉ አንድ ዓይነት አጋደል የያዘ ፕሮፔለር አንዱ ክፍሉ ሲሠራ ሌላው ክፍሉ ይሰንፋል።

ሒሳቡ ካለቀ በኋላ እንጨቱን ያዙ። ስፕሩስ የሚባል ጥድ መሰል ዛፍ አለ፤ ቀላልና ጠንካራ ነው። ከእርሱ የተሰነጠቁ ሦስት ሳንቃዎችን በሙጫ አጣብቀው አንድ አደረጉ። በመጀመሪያ በትንሽ መጥረቢያ ጠረቡት፤ ቀጥሎም ሁለት እጀታ ባለው፥ ወደ ራስ እየተሳበ በሚልግ ቢላዋ ቅርጹን አወጡለት። ጫፎቹ እንዳይሰነጠቁ ቀጭን ሸራ በሙጫ አለበሱአቸው። እያንዳንዱ ፕሮፔለር ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ከ60 ሳንቲ ያህል ነበረ። ሁለት ፕሮፔለሮች ሠርተው ከክንፎቹ በስተ ኋላ አቆሙአቸው፥ እንደ ቢሲክሌትም በካቴና ከሞተሩ ጋር አያያዙአቸው። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ቢዞሩ አይሮፕላኑን ወደ ጐን ያዘነብሉት ነበርና፥ አንዱን ካቴና አጣምረው ፕሮፔለሮቹ በተቃራኒ እንዲዞሩ አደረጉ። በኋላ ዘመን መሐንዲሶች ይህንኑ ፕሮፔለር አስመስለው ሠርተው ቢመዝኑት፥ ከሚቀበለው ከመቶ ኃይል ከ75 የሚበልጠውን ወደ መግፋት እንደሚለውጥ አገኙ። ብዙ ሰው የራይትን ሞተር ያደንቃል፤ ለእኔ ግን ከሞተሩ ይልቅ በመጥረቢያ የተጠረበው ይህ እንጨት ያስደንቀኛል። ሞተራቸው ደካማ ነበረና፥ ፕሮፔለሩ ኃይሉን ቢያባክን ኖሮ ከመሬት ባልተነሡም ነበር።

በ1903 ዓመት መከር ወራት ወደ ኪቲ ሆክ ሄዱ። በዚያም ፕሮፔለሮቹን የሚያዞረው የብረት ዘንግ ተሰነጠቀ፤ ኦርቪል እስከ ዴይተን ተመልሶ ሌላ አሠርቶ አመጣ። ታኅሣሥ 14 ቀን በአውሮጳ አቈጣጠር ማን አስቀድሞ እንደሚበርር ለመለየት ሳንቲም ወረወሩ፤ ዕጣው ለዊልበር ደረሰ። ዊልበር ግን አፍንጫውን አብዝቶ ወደ ላይ ስላቀናው አይሮፕላኑ ከሦስት ሰኮንድ ጥቂት በኋላ ወደቀ። ከጠገኑት በኋላ ታኅሣሥ 17 ቀን፥ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 7 ቀን 1896 ዓ.ም.፥ ተራው የኦርቪል ሆነ። እርሱም 12 ሰኮንድ በአየር ቆየ፥ 36 ሜትርም ተጓዘ። በዚያው ቀን በአራተኛው በረራ ዊልበር 59 ሰኮንድ ቆይቶ 260 ሜትር ያህል ሄደ። አምስት ሰዎች ቆመው ያዩ ነበር። ወዲያው ብርቱ ነፋስ መጥቶ አይሮፕላኑን እያንከባለለ ሰባበረው፤ ያ አይሮፕላን ከዚያ በኋላ አልበረረም።

በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ አይሮፕላን ሠርተው ዊልበር በ1905 በዴይተን አጠገብ 39 ኪሎ ሜትር በአንድ በረራ ዞረ። ቢሆንም ብዙ ሰው አላመነም። ስለዚህ ዊልበር ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ በ1908 ነሐሴ ወር በለ ማን ከተማ በሕዝብ ፊት በረረ። ሊዘብቱበት የመጡትም አመሰገኑት። ኦርቪል ደግሞ በአሜሪካ በፎርት ማየር ለጦር ሠራዊቱ ያሳይ ነበር።

በዚያው ዓመት መስከረም 17 ቀን ኦርቪል ሴልፍሪጅ የሚባለውን ወጣት መኰንን አጠገቡ አስቀምጦ ተነሣ። በአይሮፕላኑ ላይ ከቀድሞዎቹ የሚረዝሙ አዲስ ፕሮፔለሮች ተገጥመው ነበር። ሠላሳ ሜትር በሚያህል ከፍታ ሲዞሩ ሳሉ የአንዱ ፕሮፔለር ክንፍ እንጨት በርዝመቱ ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀው ክንፍ መግፋቱን ተወ፤ ሌላው ብቻውን ሲገፋ ፕሮፔለሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፥ ከሚዞርበትም መንገድ ወጥቶ የኋላውን መሪ የያዘውን የሽቦ ገመድ መታው። ገመዱም ተነቀለ፥ አይሮፕላኑም በአፍንጫው ተተክሎ ወደቀ። ሴልፍሪጅ በዚያው ቀን ሞተ፤ በሞተር በሚሄድ አይሮፕላን ምክንያት ከሞቱት ሰዎች ሁሉ የመጀመሪያው እርሱ ነው። ኦርቪል እግሩና የጐድን አጥንቶቹ ተሰብረው ሰባት ሳምንት በሐኪም ቤት ተኛ። እኅታቸው ካተሪን የአስተማሪነት ሥራዋን ትታ አስታመመችው።

ወሬው ለዊልበር በማግሥቱ በፈረንሳይ ደረሰው። ሊበርርበት የነበረውን ቀን አቆመ፥ ብቻውንም ሆነ። ከወንድሙ ጋር ሆኖ አይሮፕላኑን ቢመረምር ኖሮ ይህ ባልደረሰም ነበር እያለ ራሱን ወቀሰ። እንዲህ ያለው ወቀሳ ልክ ይሁን አይሁን እኛ ልንፈርድ አንችልም፤ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ሲሠሩ ኖረው አንዱ በሌላው አደጋ ጊዜ ቢርቅ ግን እንዲህ ማሰቡ አይቀርም። በአራተኛው ቀን፥ መስከረም 21፥ ዊልበር እንደ ገና ተነሥቶ አንድ ሰዓት ከ31 ደቂቃ በአየር ቆየ። በዓመቱ መጨረሻ ቀንም ከሁለት ሰዓት በላይ በረረ። በ1909 ሁለቱም አደጋው ወደ ደረሰበት ሜዳ ተመለሱ፤ ኦርቪልም የቀረውን ፈተና ፈጸመ። በዚያው ዓመት ዊልበር በኒው ዮርክ የነጻነትን ሐውልት ዞረ። ውሃ ላይ ቢወድቅ ይረዳው ዘንድ ከአይሮፕላኑ በታች አንዲት ታንኳ አስሮ ነበር።

ከዚህ በኋላ የነበረው ዘመኑ አብዛኛው በክስ አለፈ። ሥራችንን ሌሎች ወሰዱብን ብለው ወንድማማቹ በዳኛ ፊት ይሟገቱ ነበር። መብታቸውን መፈለጋቸው አያስነቅፍም፤ ነገር ግን ያ እንጨት ጠራቢ እጅ የክስ ወረቀት ሲያገላብጥ መኖሩ ያሳዝናል። ዊልበር በ1912 ዓመት ግንቦት 30 ቀን በአንጀት ተስቦ ታሞ በ45 ዓመቱ በአባቱ ቤት ሞተ። ሚስት አላገባም፥ ልጅም አልነበረውም። ኦርቪል እስከ 1948 ዓመት ኖረ።

ዊልበር ከሞተ ከ17 ዓመት በኋላ፥ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፥ የመጀመሪያው አይሮፕላን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በገፈርሳ ዐረፈ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ የሠራት ፀሐይ የምትባል አይሮፕላን በረረች፤ በጦርነቱም ዘመን ወደ ኢጣልያ ተወስዳ በ2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች። ኋላም ከመቱ ብዙ በማይርቀው በጎሬ ሜዳ ዳኮታ የሚባሉት ባለ ሁለት ፕሮፔለር አይሮፕላኖች ያርፉ ነበር፤ የእነርሱ ፕሮፔለር ግን ከብረት የተሠራ ነው።

በኪቲ ሆክ ተሰባብሮ የቀረው የ1903 አይሮፕላን ተጠግኖ ብዙ ዓመት በለንደን ቆየ፤ ከ1948 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሙዚየም ይታያል። በ1969 ዓመት አርምስትሮንግ ወደ ጨረቃ ሲሄድ፥ ከዚያ አይሮፕላን ከግራው ፕሮፔለር የተወሰደች ትንሽ የስፕሩስ እንጨት ይዞ ሄዶ ነበር።